ምንቃሯን የሰበረችው ንስር የት አለች?



ዛሬ የምጽፈው በመድረኮቻችን እጅግ ስለሚወደድ አንድ ስብከት ነው። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ንስር 40 ዓመት ሲሞላት ምንቃሯ ይታጠፋል፣ ጥፍሯ ይዶለዱማል፣ ላባዋ ይከብዳታል። ያላት ምርጫ መሞት ወይም መታደስ ነው። ስለዚህ ተራራ ላይ ትወጣለች፣ ምንቃሯን ከዓለት ጋር እያጋጨች ትሰብራለች። አዲስ ሲበቅልላት በእርሱ አሮጌ ጥፍሮቿን ትነቅላለች፣ በአዲሶቹ ጥፍሮች ደግሞ ላባዋን ትነጫለች። ከ150 ቀን በኋላ ታድሳ ትበርና እስከ 70 ዓመቷ ትኖራለች። እዚህ ላይ ሰባኪው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንተስ ምንቃርህን የምትሰብረው መቼ ነው?» ይላል። ጉባኤው በእልልታ ይናወጣል።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለች ንስር የለችም። ኖራም አታውቅም።

የንስር ምንቃር በአጥንት ላይ የለበሰ፣ እንደ እኛ ጥፍር ያለ ነገር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ በመብላትና በመሞረድ ደግሞ ዕለት ዕለት ይበላል። ምንቃሯን ከሥሩ የሰበረች ንስር ሥጋ መቦጨቅ አትችልም፤ 150 ቀን ልትቆይ ቀርቶ ብዙም ሳትርቅ በረሃብ ትሞታለች። ዕድሜውም ቢሆን፣ በዱር የሚኖር ትልቅ ንስር 30 ዓመት ከሞላ ብዙ ኖረ ይባላል።

ታሪኩ ሥር የለውም ማለቴ አይደለም። «ፊሳልጎስ» የተባለው፣ ወደ ግዕዝም የተተረጎመው ጥንታዊ የእንስሳት መጽሐፍ፣ ያረጀች ንስር ወደ ፀሐይ ወጥታ ላባዋን እንደምታቃጥልና በምንጭ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠልቃ እንደምትታደስ ይተርካል። አውግስጢኖስም መዝሙረ ዳዊትን ሲያብራራ፣ ከልክ በላይ ያደገ ምንቃሯን በዓለት ላይ እንደምትመታ ተናግሯል። በዘመናቸው ይባል የነበረውን ነው የደገሙት፤ አልፈርድባቸውም። እኛ ግን 40፣ 150 እና 70 የሚሉ ቁጥሮችን ለጥፈንበት፣ «ሳይንስ አረጋግጧል» የሚል ማኅተም መትተንበት ከቴሌግራም ወደ መድረክ፣ ከመድረክ ወደ ቴሌግራም እናመላልሰዋለን።

«ፓስተር፣ ምሳሌ እኮ ነው! ሰው ከተባረከበት ምን ችግር አለው?» የሚሉኝ ወንድሞች አሉ። ችግሩን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ጌታችን በማቴዎስ 6 የሰማይን ወፎች ተመልከቱ፣ የሜዳ አበቦችን ልብ በሉ ሲለን የነገረን እንድናይ ነው፤ ፈጥረን እንድናወራ አይደለም። ምሳሌ ሲናገርም ሰሚው ምሳሌ መሆኑን ያውቅ ነበር። እኛ ግን ያልሆነውን እንደሆነ አድርገን፣ የፈጣሪን ስም ጨምረንበት እንናገራለን። ኢዮብ በምዕራፍ 13 ወዳጆቹን የጠየቃቸው ከባድ ጥያቄ እኛንም ይመለከታል፤ ለእግዚአብሔር ተብሎ ሐሰት ይነገራልን? የእውነት አምላክ የእኛን ውሸት ድጋፍ አይፈልግም።

ሁለተኛ፣ በአዳራሹ ኋላ ወንበር ላይ ስልኩን የያዘ ወጣት ተቀምጧል። እኛ «አሜን በሉ» እያልን እርሱ ፈልጎ አግኝቶታል። በዚያው መድረክ፣ በዚያው አፍ፣ ክርስቶስ ከሙታን ተነሥቷል ስንለው ምን ብሎ ይመነን?

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ይህች ንስር ወንጌልን ትገለብጣለች። መዝሙር 103፥5ን ክፈቱ። ጎልማሳነትን የሚያድሰው ማን ነው? እግዚአብሔር ነው። እንዴት አድርጎ? በመልካም ነገር እያጠገበ። የመዝሙሩ ነፍስ ጠግባ ትታደሳለች፤ የተረቱ ንስር ግን ተርባና ራሷን አቁስላ ትታደሳለች። በመዝሙሩ ያለው ምሕረት ነው፤ በተረቱ ያለው ራስን በራስ ማዳን ነው። ሁለቱ አንድ ስብከት ሊሆኑ ከቶ አይችሉም።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የስኳር በሽታ ያለባትን አንዲት እኅት አውቃለሁ። ለዓመታት በመዘምራንና በጸሎት ቡድን ስታገለግል ደክማለች፤ ቤቷም ሸክም አለ። በአንድ ኮንፈረንስ ይህን ስብከት ሰማችና «ያልታደስኩት ራሴን ስላልሰበርኩ ነው» ብላ መድኃኒቷን አቁማ ረጅም ጾም ያዘች። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና የነገረችኝ ስለ ሕመሟ አልነበረም። «ፓስተር፣ ሳልጨርሰው ቀረሁ፤ ጌታ አዝኖብኝ ይሆን?» አለችኝ። ለደከመ ሰው የምንሰጠው ወንጌል ይህ ከሆነ፣ ወንጌል ሳይሆን ቀንበር ነው።

ጾምን እየነቀፍኩ እንዳልሆነ እወቁልኝ። እጾማለሁ፣ አስጾማለሁም። ንስሐም ያማል፤ ሥጋን መስቀል የዋዛ ነገር አይደለም። ነገር ግን ኃጢአት ሌላ፣ ድካም ሌላ ነው። ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ «ራስህን ስበር» አላለውም። እንዲተኛ ተወው፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንደገና ተኛ፣ እንደገና አበላው። ወደ ኮሬብ የሄደውም በዚያ ምግብ ኃይል ነበር።

ታዲያ ንስርን ከስብከታችን እናውጣት? በጭራሽ! እግዚአብሔር የሠራትን እውነተኛዋን ወፍ እናምጣት። እርሷ ከተረቱ ይልቅ ትሰብካለች።

የዕብራይስጡ ቃል ከግዕዙ «ንስር» ጋር አንድ ሥር ያለው ነው፤ እኛ አሞራ የምንላቸውን ትልልቅ ወፎችም ይጨምራል። ሚክያስ 1፥16 ስለ ንስር ራሰ በራነት የሚናገረው ለዚህ ነው ይላሉ ብዙ ተርጓሚዎች። ስለዚህ እነዚህን ወፎች ለማየት ተራራ መውጣት አያስፈልጋችሁም። አዲስ አበባ ያላችሁ ቄራ አካባቢ በማለዳ ቀና በሉ።

ማለዳ ላይ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ፤ አንዳንዶቹ ክንፋቸውን ለፀሐይ ዘርግተው። ሰነፎች ሆነው አይደለም። ከባድ ወፍ ክንፉን እያማታ ብቻ ቢወጣ ጉልበቱ ቶሎ ያልቃል። ፀሐይ ምድርን እስክታሞቅና የሞቀው አየር ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ይጠብቃሉ። ረፋድ ላይ ክንፋቸውን በዚያ አየር ላይ ይዘረጋሉ፤ ሳያማቱ እየዞሩ ይወጣሉ። በአገራችን ከሚገኙት አንዱ የሆነው የሩፔል አሞራ በ1973 እ.ኤ.አ. በኮትዲቯር ሰማይ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ያን ያህል ከፍታ የደረሰው በክንፉ ግርፋት ብቻ አይደለም። ኢሳይያስ 40፥31 ኃይላቸውን የሚያድሱት እግዚአብሔርን የሚጠባበቁት ናቸው ሲል የዚህችን ወፍ ክንፍ ማንሣቱ በከንቱ አይደለም። የሚያነሣን ከእኛ ውጭ የሆነ ኃይል ነው፤ የእኛ ድርሻ መጠበቅና መዘርጋት ነው።

ላባዋንም ተመልከቱ። እግዚአብሔር የሠራት ንስር ላባዋን በአንድ ጊዜ አትነጭም። አንዱ ይወድቃል፣ በስፍራው ሌላው ይበቅላል፤ ብዙ ጊዜ ከግራ ሲወድቅ ከቀኝም አቻው ይከተላል፣ ሚዛኗ እንዳይዛባ። የትልልቆቹ ወፎች የክንፍ ላባ ተለውጦ እስኪያልቅ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ትበራለች፣ ታድናለች፣ ጫጩቶቿን ትመግባለች። እየታደሰች መሆኗን ከታች የሚያይ ሰው ላያውቅ ይችላል። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 4፥16 የውስጡ ሰው ዕለት ዕለት ይታደሳል ያለው ይህን ይመስላል። የዛሬዋ አጭር ጸሎት አንድ ላባ ናት። ከልጆችህ ጋር ያነበብካት አንዲት ምዕራፍ አንድ ላባ ናት። በሰንበት ያረፍሽው ዕረፍት አንድ ላባ ነው። ጭብጨባ የለውም፤ ግን ክንፍ የሚሠራው እንዲህ ነው።

የአገልግሎት ባልደረቦቼ ሆይ፣ ያቺን የተሰበረች ንስር በሰላም እንቅበራት። ከመድረክ የምንናገረውን እንመርምር፤ ያላጣራነውን አንናገር። ምእመናንም «ይህ ከየት ተገኘ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁን። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን እንኳ መርምረው ተመስግነዋል።

የደከምህ ወንድሜ፣ የደከምሽ እኅቴ፣ ወደ ጌታ ገና እየመጣህ ያለህ ወዳጄም፦ ጌታ በድካምህ ላይ ሌላ ስብራት እንድትጨምር አልጠየቀህም። የተሰበረ አለ፤ በመስቀል ላይ ስለ አንተ ሥጋው ተቆርሷል። ዛሬ ብላ፣ ተኛ፣ ሐኪም ያዘዘልህን መድኃኒት ውሰድ፣ ቃሉን ጥቂት አንብብ፣ ጠብቀው። ፀሐይዋን የሚያወጣት እርሱ ነው።

የጌታ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።