የአጥንት ኢንፌክሽን፦ ርካሹ ቀዶ ጥገና መቼ ውድ ይሆናል?

ከዳላስ በስተሰሜን በምትገኘው ፍሪስኮ፣ ስኮቲሽ ራይት የተሰኘው የሕፃናት የአጥንት ሕክምና ተቋም በአውሮፓውያኑ 2018 ማዕከል ከፍቷል። የተቋሙ የዳላስ ባለሙያዎች ያበለጸጉትን፣ ከእግር ውጭ የሚታሰረውን "ትሩሎክ" የተባለ ቀለበታማ ብረት ለገበያ የሚያቀርበው ከፍሪስኮ ብዙም በማትርቀው ሉዊስቪል የሚገኘው ኦርቶፊክስ ኩባንያ ነው። አካባቢው የአጥንት ሕክምና ብቻ ሳይሆን የአጥንት ሕክምና ንግድም መናኸሪያ ነው።

ሥር የሰደደ የአጥንት ኢንፌክሽን በመድኃኒት ብቻ እምብዛም አይድንም። የሞተ አጥንት ደም ስለማይደርሰው አንቲባዮቲኩም አይደርሰውም፤ ስለዚህ ተቆርጦ ይወጣል። የወጪው ጥያቄ የሚነሣው የተረፈው ክፍተት በምን ይሞላ ሲባል ነው።

የቆየው መንገድ ጄንታማይሲን የተቀላቀለበት የሲሚንቶ እንክብል ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ስለማይሟሟ አብዛኛውን ጊዜ ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። አዲሱ፣ ቀስ በቀስ በአጥንት የሚተካ መድኃኒት ያዘለ ሴራሚክ ነው። በኦክስፎርድ 100 ሕሙማን ታክመውበት በ2016 በወጣው ጥናት የ96ቱ ኢንፌክሽን በአንድ ቀዶ ጥገና ጠፍቷል፤ ጥናቱ ግን የንጽጽር ቡድን አልነበረውም። አሜሪካ ይህን የስዊድን ምርት የፈቀደችው በ2022 ነው።

የቀዶ ጥገና ክፍል ሰዓት እጅግ ውድ በሆነበት ቴክሳስ፣ ሁለተኛውን ቀዶ ጥገና ካስቀረ ሴራሚኩ ያዋጣል። አዲስ አበባ ላይ ስሌቱ ሌላ ነው፦ ሴራሚክ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ የሐኪሙ ክፍያ ግን አነስተኛ ነው። በሆስፒታሉ መዝገብ እንክብሉ ያሸንፋል። ከወሎ ወደ ጥቁር አንበሳ ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ገበሬ ግን የአውቶቡሱን፣ የአስታማሚውንና ያመለጠውን የእርሻ ወቅት የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ይህ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይታይም።

ክፍተቱ ሲሰፋ ተራው የቀለበቱ ነው። አጥንት በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጎተታል፤ 6 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት ሁለት ወር፣ እስኪጠነክር ደግሞ ተጨማሪ ወራት ይፈጃል። ትዕግሥቱ ያለቀ ታካሚ "ቁረጡልኝ" ቢል አያስገርምም። መቁረጥ ግን ርካሽ አይደለም። በ2007 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ክፉኛ የተጎዳ እግርን ማዳን በዕድሜ ልክ 163,282 ዶላር፣ መቁረጥ ደግሞ 509,275 ዶላር እንደሚያስወጣ ገምቷል። ጥናቱ የአደጋ ጉዳተኞችን እንጂ የኢንፌክሽን ሕሙማንን አልመለከተም። የልዩነቱ ምንጭ፣ በየጊዜው የሚቀየረው ሰው ሠራሽ እግር፣ ለሁለቱም ግን አንድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሥራ የቀየረ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የጤና መድኅኑም ይቀየራል። ዛሬ የቀዶ ጥገናውን ሂሳብ የሚያጸድቀው ኩባንያ፣ ከ10 ዓመት በኋላ የሰው ሠራሽ እግሩን ላይከፍል ይችላል።