የዋልታ ብርሃን ለኛ ምናችን ነው?

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ከፀሐይ የፈነዳው ማዕበል ምድር ሲደርስ የዋልታው ብርሃን እስከ ሜክሲኮ ታየ። አንዳንድ ጓደኞቻችን ፎቶግራፉን አይተው የፈረንጅ ሰማይ ጌጥ ነው ብለው አለፉት። እኛ አንስማማም። ብርሃኑ የነገሩ ትንሹ ነው። መጋቢት 4 ቀን 1981 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ማዕበል በካናዳ፣ በኬቤክ፣ 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ 9 ሰዓት ያለ መብራት አስቀምጧል። ማግኔታዊው የምድር ወገብ ደግሞ በአገራችን ላይ ያልፋል፤ በዚያ ሰማይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል፤ ማዕበሉ ሲመጣም ይናወጣል። ይህን የሚከታተል የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ በ1950 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ሥራ ጀምሯል። ስንቶቻችን ደጁን ረግጠናል? የፊዚክስ ተማሪዎች ከመዝገቡ በየወሩ አንድ ገጽ ለዚህ መጽሔት ያምጡልን፤ የማባዣ ቀለም አናጣም።