መድኃኒትም ድንበር አለው
በሞያሌ አንድ ሕዝብ በሁለት አገር ሕግ ሥር ይኖራል። የኬንያዋ ሞያሌና የኢትዮጵያዋ ሞያሌ በስም ብቻ ሳይሆን በቋንቋ፣ በዝምድናና በገበያ የተሳሰሩ ናቸው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የጋራው የድንበር ጣቢያ ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ የሰውና የጭነት ዝውውር በአንድ ሥፍራ የሚመረመርበት ሥርዓት ተዘርግቷል። በኪስ ተይዞ ስለሚሻገረው ክኒን ግን የሚጠይቅ ብዙ የለም።

እንደሚታወቀው፣ በኢትዮጵያ መድኃኒትን መዝግቦ ለአገልግሎት የሚፈቅደው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ በኬንያ ይህንኑ ኃላፊነት የፋርማሲና መርዝ ቦርድ ይወጣል። በአንዱ መዝገብ የሰፈረው በሌላው ላይኖር ይችላል፤ ቢኖርም ለሌላ አገልግሎት የተፈቀደ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በመነሣት ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል የሚሉ አሉ። ይህን አስተያየት አንቀበለውም።

ለዚህ ክሎሮኪን በቂ ምስክር ነው። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ የወባ ዓይነት ይህን መድኃኒት መቋቋሙ በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ክሎሮኪንን ከዋና የወባ መድኃኒትነት አነሣች። ኢትዮጵያም ለፋልሲፓረም መጠቀሙን ትታ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ኮአርተም በሚል ስም ወደሚታወቀው መድኃኒት ተሸጋግራለች። ነገር ግን በኢትዮጵያ ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት በብዛት ስለሚገኝና ክሎሮኪን ይህን ስለሚፈውስ፣ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያዎቿ ሥራ ላይ ቆየ። በኬንያ ቫይቫክስ እምብዛም አይገኝም። ልዩነቱ የመጣው እንግዲህ ከበሽታው እንጂ ከባለሥልጣናቱ ስንፍና አይደለም።

ጉዳቱ የሚደርሰው ክኒኑ ያለ ምርመራ ሲሻገር ነው። በወዲህኛው ጤና ጣቢያ ለቫይቫክስ የተሰጠ ክሎሮኪን ተርፎ፣ ድንበር ማዶ ለሚያተኩሰው የእኅት ልጅ ቢላክና የሕፃኑ ሕመም ፋልሲፓረም ሆኖ ቢገኝ፣ ቤተሰቡ ልጁን አሳከምን ብሎ ሲጽናና በሽታው ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል። በአንጻሩ ቫይቫክስ የያዘው ነጋዴ ማዶ ተሻግሮ ኮአርተም ብቻ ቢወስድ ትኩሳቱ ይበርድለታል፤ በጉበቱ የተሸሸገው ተሕዋስ ግን ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይጥለዋል። ያን ጊዜ «የኬንያ መድኃኒት ሐሰተኛ ነው» ማለቱ አይቀርም! የጎደለው ፕሪማኪን ነበር። ይህም ቢሆን ለነፍሰ ጡር የማይሰጥ፣ በደማቸው የተለየ ጉድለት ላለባቸውም አደገኛ ስለሆነ ከጎረቤት የሚዋሱት አይደለም።

ስለ ነፍሰ ጡሮች ካነሣን ዘንድ፣ ፋንሲዳር በኬንያ የባሕር ጠረፍና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ለእርጉዞች በመከላከያነት ይታደላል። በኢትዮጵያ ይህ አሠራር የለም፤ በማርሳቢት አውራጃ ለሚገኘው ለዚህ ደረቅ ምድርም የታሰበ አይደለም። ከሞምባሳ የመጣች ዘመድ የነገረችውን ይዞ ፋርማሲ መሄድ ስለዚህ አያዋጣም።

የሁለቱ ከተሞች የጤና ሹማምንት የሁለቱን መንግሥታት መዝገቦች አንድ ማድረግ አይችሉም፤ ይህ ከሥልጣናቸው በላይ ነው። ለሕመምተኛው በሚሰጠው ወረቀት ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ የተገኘውን የወባ ዓይነትና ቀኑን ማዶ ያለው ነርስ በሚያነበው ፊደል መጻፍ ግን ዛሬውኑ ይቻላቸዋል። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ የክኒን ከረጢት ከድንበሩ ወዲያ የሚያነበው አያገኝም።