የከተማው መጠጥ ቤት ሒሳብና የቤታችን ሒሳብ

ደመወዝ በወጣ ዕለት ገንዘቡ በየት በየት እንደሚሄድ ከማንም ይልቅ የምታውቀው እናት ናት። የቤት ኪራይ ይነሳል፤ የጤፍና የዘይት ይነሳል፤ የልጆች ደብተርና ጫማ ይነሳል። በብዙ ቤት ግን ከነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚነሳ አንድ ወጪ አለ፤ እርሱም የመጠጥ ነው። ስለዚህ ዓምዳችን ዛሬ የሚያነሳው ጉዳይ ከላይ ሲታይ የንግድ ቢመስልም ውስጡ የጓዳ ነው። አንድ ከተማ ወይም ቀበሌ የራሱ የሆነ መጠጥ መሸጫ ቢኖረው ማን ያስተዳድረው? እንዴትስ ያስተዳድረው? ትርፉስ ለማን ይዋል?

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ካቋቋመ፣ አዋጅ ቁጥር 104/1969ም ካጠናከራቸው በኋላ፣ ቀበሌዎች እስከ 100 ብር የሚከራዩ ቤቶችን ኪራይ ከመሰብሰብ አልፈው የኅብረት ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናትና መዝናኛ ክበብ ወደ ማንቀሳቀስ ተሸጋገሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስና የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካዎች ያን ጊዜ በመንግሥት እጅ ስለነበሩ፣ ጠማቂውም የሕዝብ፣ ሻጩም የሕዝብ ሆነ። የቀበሌዋ እናት ሱቁን ስኳርና ሳሙና ስትሸምት አወቀችው፤ ክበቡን ግን ባሏን ስትጠብቅ ነው ያወቀችው። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎቹ ወደ ግል ተዛውረዋል፤ ከክበቦቹም ለግለሰብ የተከራዩ አሉ። ጥያቄው ግን አላረጀም።

ይህንን ጥያቄ በትልቅ ከተማ ሳይሆን በመንገድ ዳር ከተማ ብናየው ጎልቶ ይታያል። የድሬ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ሜጋን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሞያሌ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብላ ትገኛለች። በዚህ ዓይነት ከተማ ቢራው የሚመጣው ከሩቅ ነው። ሣጥኑ በጭነት መኪና ሲንገጫገጭ መጥቶ፣ ባዶው ጠርሙስ ደግሞ ተለቅሞና ተቆጥሮ መመለስ አለበት። ደንበኛውም ብዙ ዓይነት ነው፤ ሾፌሩና ረዳቱ አለ፤ የመንግሥት ሠራተኛው አለ፤ በገበያ ቀን ከብቱን ሸጦ ገንዘብ የያዘው አርብቶ አደርም አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከድተው የቦረና ከብት ባለቀበት ድርቅ፣ አንዲት የተረፈች ላም ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነች ያየ ሰው፣ የላሟ ዋጋ በአንድ ምሽት መጠጥ ቤት ሲቀር ምን እንደሚጎድል ለመገመት አይቸገርም።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ከተማ የሕዝብ መጠጥ መሸጫ እንድታስተዳድር የተመረጠች አንዲት እህት አለች እንበል። የመጀመሪያ ሥራዋ ሒሳብ ነው። አንድ ሣጥን ቢራ 24 ጠርሙስ ይይዛል። ለምሳሌ ያህል አንዱን ጠርሙስ በ40 ብር ገዝታ በ45 ብር ብትሸጥ ትርፏ 5 ብር ነው። ከ50 ሣጥን ማለትም ከ1,200 ጠርሙስ ውስጥ በየሣጥኑ አንድ አንድ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ 50 ጠርሙስ ይጎድላል። ከቀሪው 1,150 ጠርሙስ የምታገኘው ትርፍ 5,750 ብር ሲሆን፣ የጎደለው ግን 2,000 ብር ይበላዋል። አንዲት ጠርሙስ ብቻ ከየሣጥኑ ስትጎድል ከትርፉ ሲሶው የሚበልጥ ሄደ ማለት ነው! በዚህ ላይ ባዶ ጠርሙስና ሣጥን መያዣ ያለበት በመሆኑ የተሰበረው ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ያከስራል።

ስለዚህ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዝገብ። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው፣ የሚሸጠውና ገንዘብ የሚቀበለው አንድ ሰው አይሁን። በየምሽቱ የተሸጠው፣ የቀረውና ባዶው ተደምሮ ከገባው ጋር ይመሳከር። የዕለቱ ገንዘብም ሳያድር ወይም በማግስቱ ባንክ ይግባ። ቢራውን ፀሐይ ከሚያገኘው ቦታ ማራቅም የሒሳብ ሥራ ነው፤ ብርሃን የመታው ቢራ ጣዕሙ ይለወጣልና። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ልጆቿን በአንድ ሰው ደመወዝ ስታስተዳድር የኖረች ሴት ይህንን ሁሉ ለመማር ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም፤ ስኳሩን በማንኪያ፣ ዘይቱን በሲኒ ስትለካ የኖረች ናትና።

ሁለተኛው ፈተና ዱቤ ነው። የሕዝብ መጠጥ ቤት በዱቤ ሲሸጥ ሁለት በደል ይፈጽማል። የሕዝብን ገንዘብ በአለቆችና በወዳጆች ኪስ ያስቀራል፤ የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ ደግሞ ከልጆች አፍ ቀድሞ ይወስዳል። ኃላፊዋ ከሁሉ ይልቅ «እምቢ» ማለት የሚያስፈልጋት እዚህ ላይ ነው። እምቢታዋን የምታጸናው ግን ብቻዋን ሆና አይደለም። ዱቤ ክልክል መሆኑን ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ወስኖ፣ ግድግዳው ላይ ሊለጥፍላት ይገባል። በኮሚቴውም ውስጥ እናቶች መቀመጥ አለባቸው።

ሦስተኛው የሚያስተናግዱት ወጣት ሴቶች ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ከገጠር ወይም ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው ናቸው። ኑሯቸው በጉርሻ ላይ የተመሠረተ ከሆነ የሰከረውን ሰው ነውር ሁሉ ችለው ለማሳለፍ ይገደዳሉ። የሕዝብ ድርጅት ከግለሰብ ግሮሰሪ መለየት ያለበት በዚህ ነው፤ በቋሚ ደመወዝ፣ በተወሰነ የመዝጊያ ሰዓት፣ ሌሊት ወደ ቤት የሚያደርስ ሰው በመመደብና ክብራቸውን የነካውን ደንበኛ በማስወጣት።

ሕጉም ኃላፊዋን ያግዛታል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ይህ ማለት «አባቴ ልኮኝ ነው» ብሎ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ ሕፃንም ባዶ እጁን ይመለሳል ማለት ነው።

የሌላውን ዓለም ልምድ ብናይ ሁለት መንገድ እናገኛለን። በስዊድን አገር የዬተቦርይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1865 የመጠጥ ንግዱን ከግለሰቦች አውጥታ ትርፉ ለከተማው ጥቅም ለሚውል ኩባንያ ሰጠች። ዛሬ በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው የመንግሥት መደብር ጠንካራ መጠጥን በብቸኝነት ይሸጣል፤ ከ20 ዓመት በታች ለሆነ አይሸጥም፤ እሑድ ይዘጋል፤ ብዙ ለገዛም ዋጋ አይቀንስም። በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛትም የከተማ አስተዳደሮች የራሳቸው መጠጥ መደብር አላቸው፤ ትርፉን ለመናፈሻና ለመሰል አገልግሎት ያውሉታል።

ሁለተኛው መንገድ የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በወጣ ሕግ ለጥቁሮች የሚሸጠውን የማሽላ ጠላ መጥመቅና መሸጥ የማዘጋጃ ቤቱ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። በቤታቸው ጠምቀው ልጆቻቸውን ያሳድጉ የነበሩ እናቶች ወንጀለኞች ተባሉ። የባሎቻቸው ደመወዝ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ገብቶ ራሳቸውን ለሚጨቁነው አስተዳደር ማንቀሳቀሻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1929 ሴቶች ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ በ1959ም በኬቶ ማኖር የሚኖሩ እናቶች ዱላ ይዘው የጠላ አዳራሾቹን ወረሩ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ የከተማው ትርፍ ከኛ ማጀት ለምን ይወጣል?

ይህ ለኛም ትምህርት ነው። በከተሞቻችን ጠላና አረቄ ሸጠው ልጅ የሚያስተምሩ፣ ባል የሌላቸው ብዙ እናቶች አሉ። የከተማ መጠጥ ቤት ሲቋቋም እነሱን የሚያፈናቅል ከሆነ፣ በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ነጠቀ። ከመጠጥ ውጭ ሌላ ሥራ ለመጀመር ለሚሹት ብድርና የመሥሪያ ቦታ ከትርፉ ቢመደብላቸው ግን ድርጅቱ በእውነት የሕዝብ ይሆናል። መዝናናትም በጠርሙስ ብቻ አይደለም። የቡናን ፍሬ በቅቤ ጠብሶ «ቡና ቀላ» ብሎ በአክብሮት ለእንግዳ በሚያቀርበው በቦረና ምድር፣ የሕዝብ ክበብ ወተት፣ ሻይና ቡና፣ ጋዜጣና የልጆች መጫወቻ ሳይኖረው ቢራ ብቻ ይዞ ቢቆም አያምርበትም።

በመጨረሻም ስለ መለኪያው። ኃላፊዋ ስንት ሣጥን ሸጠች ተብላ ብቻ የምትመዘን ከሆነ፣ ሥራዋ ሰውን ማስጠጣት ይሆናል፤ ዱቤም፣ ሌሊትም፣ ሕፃንም ይፈቀዳል። ሒሳቧ ሳይጎድል፣ ሠራተኞቿ ሳይዋረዱ፣ ሰዓቱ ሳይፈርስና ትርፉ የት እንደዋለ በየ3 ወሩ በነዋሪው ፊት ሲነበብ ከተመዘነች ግን ሽያጩ ቢቀንስም ሠርታለች እንላታለን። እናቶች ሆይ! በቀበሌያችሁ እንዲህ ያለ ክበብ ወይም መደብር ካለ በስብሰባው ተገኙና ሒሳቡ ይነበብ በሉ። ገንዘቡ ከየቤታችሁ የወጣ ነውና መጠየቅ መብታችሁ ነው።