ከባድ ዲሽ በቀጭን ቋሚ ላይ አይሰቀል!

ለደብረ ወርቅ ከተማ የአካባቢያችን ነዋሪዎችና ለማኅበራችን አባላት በሙሉ፤

በማኅበራችን ቤት ጣሪያ ላይ ረጅም ቋሚ ቆሞ፣ በጫፉ ሞተር ያለው ትልቅ ዲሽ ይሰቀል የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ አባላት ቀርቧል። ገንዘቡም ከመዋጮው ይውጣ ተብሏል። ዜናውንም ኳሱንም ተሰብስቦ ማየትን የሚጠላ የለም። ነገር ግን የአሰቃቀሉ ሐሳብ ከሥሩ የተሳሳተ ስለሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

አንደኛው መከራከሪያ «ዲሽ ከፍ ባለ ቁጥር የበለጠ ይስባል» የሚል ነው። ኧረ እንዴት ተብሎ! ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። የእኛ 8 ሜትር አጠና ለዚያ ርቀት ምን ሊጨምርለት ነው? ዲሽ የሚፈልገው የተከፈተ ሰማይና የማይነቃነቅ እግር ነው። ቁመት የሚጠቅመው ከምድር ማማ የሚመጣውን ሞገድ ለሚቀበለው ለጣሪያ አንቴና ነው። እሱ ደግሞ ቀላል ነው፤ ነፋሱም በዘንጎቹ መካከል ሾልኮ ያልፋል። ዲሽ ግን እንደ ሸራ ነፋሱን ይዞ ይቆማል።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ሞተር ካለው እያዞርን ሁሉን እናያለን» ነው። በ2012 ዓ.ም. ብዙ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ከተዛወሩ ወዲህ አንድ ዲሽ አለመብቃቱ እውነት ነው። ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ፣ ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ናቸው። ከእኛ ከተማ ሲታይ የመጀመሪያው በደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ፣ ሁለተኛው በምዕራብ ዝቅ ብሎ ነው። ታዲያ ለሁለት ቦታ ብሎ ሞተር መግዛት ምን አመጣው? ሁለት ትንንሽ ዲሾች እየራሳቸው አቅጣጫ ታስረው በአንዲት ስዊች ቢገናኙ አንዱ ሪሲቨር ሁለቱንም ያሳያል።

ደግሞም ሞተሩ ራሱ ቀጥ ያለ ቋሚ ይፈልጋል። ቋሚው ትንሽ ካዘነበለ ዲሹ ሲዞር መስመሩን ይስታል፤ ሥዕሉም ይጠፋል። የሚወዛወዝ አጠና ላይ ሞተር መስቀል ገንዘብ ወንዝ መጣል ነው።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ዲሽ በግምት በ14 ኪሎ ኃይል ይገፋዋል። ዲሹ 180 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 56 ኪሎ ይሆናል። የነፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር ደግሞ ያም እንደገና አራት እጥፍ ይሆናል። በ8 ሜትር ቋሚ ጫፍ ላይ ሲሆን እግሩ የሚሸከመው ጫና በ1 ሜትር ቋሚ ላይ ካለው 8 እጥፍ ነው። «በሽቦ እንወጥረዋለን» ይላሉ። ሽቦ መውደቅን ይከላከላል እንጂ መጠማዘዝን እምብዛም አይከለክልም። ሞተሩ ሲነሣና ሲቆም ቋሚውን የሚጠመዝዘው ግን ያው ከባዱ ዲሽ ነው።

በእውነት የሚዞር አንቴና የሚያስፈልጋቸው አማተር የሬዲዮ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ከአንዱ አገር፣ ነገ ከሌላው ይነጋገራሉና። በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚል መጠሪያ የሚታወቅ ጣቢያ በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ አቋቁሟል። በዚህ ሙያ የታወቀው ዘዴ ከባዱን ሞተር ከማማው ጫፍ አውርዶ ወደ ውስጥ ዝቅ ማድረግ ነው። ከሞተሩ የሚነሣው ቱቦ በማማው አናት ላይ በኩሽኔታ ውስጥ ያልፋል። የነፋሱን የጎን ግፊት ማማው ይሸከማል፤ የሞተሩ ሥራ ማዞር ብቻ ይሆናል። የሚያውቁት ሰዎች ለብረት ማማ እንኳ እንዲህ ሲጠነቀቁ እኛ በአጠና ላይ እንፎክራለን!

ከማኅበሩ ቤት ሥር ሕፃናት ይጫወታሉ፤ ገበያተኛ ያልፋል፤ የመብራት ሽቦም በአጠገቡ አለ። ቋሚው በመብራት ሽቦ ላይ ቢወድቅ የነካው ሰው ሊሞት ይችላል። ለጥቂቶች ደስታ ሲባል የጎረቤት ሕይወት መያዣ ሊሆን አይችልም።

ስለሆነም፦

1ኛ. ዲሾቹ በግቢው ውስጥ በሲሚንቶ በተተከለ አጭር የብረት ቱቦ ላይ ይታሰሩ። «ከብት ይገፋዋል» ለሚሉ መልሱ አጥር ነው።

2ኛ. ለሞተር የታሰበው ገንዘብ ለስዊች፣ ለሲሚንቶና ለአጥር ይዋል።

3ኛ. በየግቢው ረጅም ቋሚ ያላችሁ፣ ቢወድቅ የመብራት ሽቦም ሆነ መንገድ የሚደርስ ከሆነ ክረምቱ ሳይገባ አውርዱት። ለማውረድም ብቻችሁን አትነሡ፤ ሽቦው አጠገብ ከሆነ አስቀድማችሁ ለመብራት ኃይል አስታውቁ።

የሚቃወም አባል ካለ በመጪው ስብሰባ ተነሥቶ ይናገር። ነገር ግን «ሌላው ሰቅሏል» የሚል መልስ አንቀበልም፤ የሌላው እስኪወድቅ መጠበቅ ብልህነት አይደለምና።

የማኅበሩ ጸሐፊ