ማጭዱ ከሰውየው፣ ድንበሩ ከመሬቱ

በአገሬ በፎገራ ሩዝ ሲደርስ ለደቦ የተጠራ ሰው የገዛ ማጭዱን ይዞ ይሄዳል፤ የማሳ ድንበር ተሸክሞ የሚሄድ ግን የለም። ኮምፒውተር ሠሪዎችም ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነበር።

ፊደላችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ የቀረው ጥያቄ የፊደል ገበታው ምርጫ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ዊንዶውስ በሬጅስትሪ ውስጥ በየተጠቃሚው ይመዘግበዋል፤ ዴቢያን ሊኑክስ መሠረታዊውን ምርጫ ለመላው ኮምፒውተር በአንድ የጽሑፍ ፋይል ያኖራል። የፊተኛው ለሰው ያስባል፣ ነገር ግን በጋራ ክፍል መዝገቡ ብዙ ጊዜ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። የኋለኛው ለማንበብ ይቀላል፣ ሆኖም ሁሉን በአንድ ቀንበር ይጠምዳል።

ስለዚህ ተማሪው ወንበር በለወጠ ቁጥር አማርኛን እንደ አዲስ ይፈልጋል፤ ሲታክተው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል።

በእኔ አስተያየት የሰው የሆነው፣ ማለት የቋንቋና የገበታ ምርጫው፣ ሊነበብና ሊቀዳ በሚችል ፋይል ከባለቤቱ ጋር ይሂድ። የቁልፎቹ ዓይነትና የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ገበታ በኮምፒውተሩ ይቅር፤ ማንም ከመግባቱ በፊት ቁልፉ መሥራት አለበትና። ይህ ሳይደረግ ተማሪውን «ፊደሉን ናቀ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።