የተቆለፈባት ድመትና በራችን ላይ ያለው ውሻ



በዚህ እትም ስለ ፈተና ዝግጅት ብንጽፍ ይቀለን ነበር። ከእረፍት ስንመለስ በራሳችን ቤት ያገኘነው ነገር ግን ዝም አላሰኘንም።

የጀመዓችን መጻሕፍትና ምንጣፎች የሚቀመጡባትን የኪራይ ቤት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እዚያ የምትኖረውን ግራጫ ድመትም ታውቋታላችሁ። ስም አላወጣንላትም። አብዛኞቻችን በኦሮምኛ “አዱሬ” እንላታለን፤ ስብሰባ ስለማያመልጣት ደግሞ “የሹራ አባል” የሚሏት አሉ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አልቆ ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ወደ መኢሶ፣ ወደ በዴሳ፣ ወደ ገለምሶ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲበተን በሩ ተቆለፈ። ማን እንደቆለፈው አንጠይቅም፤ ቁልፉ የሁላችንም ነበር። ድመቷ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ተኝታ እንደነበር ያየ የለም። በሩ የተከፈተው በዘጠነኛው ቀን ነው።

አልሐምዱሊላህ በሕይወት ነበረች። አጥንቷ ይቆጠራል፤ አፏን ትከፍታለች እንጂ ድምፅ አይወጣትም። ሰበብ ሆኖ ያተረፋት ማንም ሳይደፋው በሳፋ የቀረ የውዱእ ውሃ ነው።

ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ከመካከላችን ያልሰማ የለም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ሴትዮዋ ራሷ አላበላቻትም፤ ወጥታ መሬት ላይ ያገኘችውን እንድትለቅምም አልለቀቀቻትም። በደርስ ላይ ስንሰማው ስለ አንዲት የጥንት ጨካኝ ሴት የሚወራ ይመስለን ነበር። እርግጥ እኛ ረስተን ነው፤ ሆን ብሎ ማድረግና መርሳት አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን። ድመቷ ግን ያንን አታውቅም።

ወዲያው ወተት አምጥተን ሰጠናት፤ አስመለሳት። በካርቶን አድርገን በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድናት። የባጃጁ ሾፌር “ምን ይዛችኋል?” ብሎ ጠይቆ ሲሰማ እስክንወርድ ድረስ ሳቀ። ክሊኒኩ በር ላይ ፍየልና አህያ ይዘው የሚጠብቁ አባቶች ነበሩ፤ እነሱም ሳቁ። ያልሳቀው ሐኪሙ ብቻ ነው። ስለ ወተቱ ተቆጣን። ለብዙ ድመቶች የላም ወተት አይስማማቸውም አለን፤ ለቀናት የተራበ እንስሳ ደግሞ በአንዴ ብዙ አይሰጠውም። ከተቀቀለ ሥጋ ጥቂት ጥቂት፣ በቀን ብዙ ጊዜ እንድንሰጣት ነገረን። ከዚያ ያላሰብነውን ጠየቀን፦ “ለመሆኑ በራችሁ ላይ ያለው ውሻ ተከትቧል?”

ውሻው የአከራያችን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሱ አጠገብ አልፈን ገብተናል፤ መከተቡን የጠየቀ የለም። ለምን እንዳልጠየቅን ስንነጋገር አንድ ወንድም በግልጽ “ነጃሳ ነው ብለን ነዋ” አለ። እውነቱን ነው።

እኛ የሐረርጌ ልጆች ደግሞ ከብት አናውቅም ማለት አንችልም። ብዙዎቻችን ያደግነው ሰንጋ በእጅ ሲጎረስ እያየን ነው። ማሽላው ሲሳሳ የሚነቀለውን ቡቃያ፣ ቅጠሉንና አገዳውን እናቶቻችን እየቆራረጡ ለታሰረው በሬ ያቀርቡለታል። ጠዋት አልበላም ካለ ቤቱ በሙሉ ይጨነቃል፤ ሐኪምም ይጠራል። የሐረር ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የተጠራው በዚህ እንክብካቤ ነው። ዶሮ ላይ ስንደርስ ግን እንሰንፋለን። ፈንግል ገብቶ ጓሮውን ባዶ ሲያደርገው “የአላህ ቁጥር ነው” እንላለን፤ ክትባቱ ቢሾፍቱ፣ እዚሁ አገራችን ውስጥ እንደሚመረት እያወቅን። ወደ ውሻ ስንመጣ ነገሩ ጭራሽ ይዘጋል። ውሻው ሌሊት ጅብ ይከላከላል፣ ዝንጀሮ ከማሽላው ያባርራል። ሐኪም ዘንድ ሲወሰድ ግን ያየነው ጥቂት ነው።

የውሻ ምራቅ ነጃሳ መሆኑን በሻፊዒይ መዝሀብ ያደግን ሁሉ እናውቃለን፤ እቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እንደሚታጠብም ተምረናል። ይህ የጦሃራ ሕግ ነው፤ ውሻውን የመበደያ ፈቃድ አይደለም። ከብት ለመጠበቅ፣ ለእርሻና ለአደን ውሻ ማቆየትም ተፈቅዷል። በየጁምዓው በምንቀራው ሱረቱል ከህፍ ውስጥ ውሻው ከወጣቶቹ ጋር በዋሻው ደጃፍ እጆቹን ዘርግቶ ይገኛል። የተጠማ ውሻ አጠጥቶ ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክም በሚንበር ላይ ደጋግመን ሰምተናል። (በአፈር ማጠብ ለእብድ ውሻ በሽታ መድኃኒት ነው እያሉ የሚያስተላልፉ ወንድሞች አሉ። እባካችሁ ተዉት። የጦሃራውን ለጦሃራ፣ የሕክምናውን ለሕክምና።)

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክት እስኪታይ መጠበቅ ወይም የባህል መድኃኒት እየሞከሩ መሰንበት የሰው ነፍስ ያስከፍላል።

አንዳንድ ከተሞች ላይ ፍራቻው ሲነሳ የሚወሰደው እርምጃ መርዝ የተለወሰ ሥጋ መበተን ነው። ጠዋት ወደ ክፍል ስንሄድ መንገድ ላይ የወደቁ ውሾች ያየን አለን። የሞቱት ቦታ ሌሎች ይመጣሉ፤ በሽታውም ይቀጥላል። በሽታውን የሚያቆመው በአካባቢው ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ የለብንም። በምዕራብ ሐረርጌ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ፤ ከጭሮ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ሂርና ላይም የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። የቀረው ውሻውን በገመድ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው።

ስለዚህ በየሰፈሩ፣ ከኛ በር ጀምሮ፣ የአከራዮቻችንን ውሾች ማስከተብ በጀመዓው የሰደቃ ሥራ ውስጥ ይግባ ብለን ሐሳብ አቀረብን። ሹራው ላይ ተቃውሞ ገጠመን፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። “ለሳሙናና ለደብተር የሚቸገሩ ተማሪዎች እያሉ የሰደቃ ገንዘብ ለውሻ?” አለች አንዲት እህት። ይህችው እህት በየወሩ የተቸገሩ ተማሪዎችን ዝርዝር የምትይዝ ናት፤ የምትናገረውን ታውቃለች። ለተማሪዎች ከተለየው ገንዘብ አንድ ብርም እንዳይነካ ተስማምተን፣ ለክትባቱ ለብቻው በፈቃደኝነት እንዲዋጣ ወሰንን። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላሳመንናትም። እኛ ግን ክትባቱን የምናየው ለውሻው ብቻ እንደሚሰጥ ሰደቃ አይደለም። በዚያ በር ላይ የአከራያችን የአምስት ዓመት ልጅ ከውሻው ጋር ይጫወታል።

ውሻ መንካት የማይፈልግ መንካት የለበትም፤ የሚይዘው ባለቤቱ ነው። ከኛ የሚፈለገው ቤት ለቤት ሄዶ ማስረዳት፣ መመዝገብና ባለቤቶቹን ማጀብ ነው። ኦሮምኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ወንድሞችና እህቶች ቢቀድሙ ይመረጣል፤ እናቶች ጋር ገብቶ ለማስረዳት ደግሞ እህቶች ይሻላሉ።

ድመቷ አገግማለች፤ እንደ በፊቱ የሰው ጫማ ላይ ትተኛለች። ለሚቀጥለው እረፍት ቁልፉ ከግቢ ከማይወጡ ሁለት ተማሪዎች ጋር ይሆናል፤ ስማቸው በሩ ላይ ይለጠፋል። በየዶርሙ ድመት የምታበሉም ከመሄዳችሁ በፊት አልጋ ሥርና ቁምሳጥን ውስጥ እዩ። ሐኪሙ ሃያ ውሾች ከተመዘገቡ ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ሰፈር ድረስ እመጣለሁ ብሎናል። እስካሁን የተመዘገቡት ሰባት ናቸው፤ የመጀመሪያው የአከራያችን ነው።